ቡሽ ማለት ቁጥቋጦ ብቻ ነው?

በዚህ ዕትም የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። በእንግሊዝኛ አራት ፊደል፣ በእኛ ደግሞ ሁለት ፊደል ብቻ ናት፦ ቡሽ።

ነገሩን ያመጣው የክፍላችን ክርክር ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ምንባብ ስናነብ ሰውየው ወደ ቡሽ ሄደ የሚል ዓረፍተ ነገር መጣ። አንዱ ልጅ እጁን አወጣና «ወደ ቁጥቋጦ ሄደ» አለ። ከኋላ የተቀመጠው ደግሞ «ቡሽማ የጠርሙስ ውታፍ ነው» አለ። ሦስተኛዋ «እንዴ! የአሜሪካ ፕሬዚዳንት አይደለም እንዴ?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህራችን ግን አልሳቁም። «ሦስታችሁም ልክ ናችሁ፤ እዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግን ከሦስቱ አንዱም አይገባም» አሉና ደወል ተደወለ። እኔም ዕረፍት ላይ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትልቁን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ከዚያም ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ያገኘሁት ይኸው።

ለምን ይህን ያህል ትደክማለህ የሚል ካለ፣ ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። አንድ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ አለው ብለን ከሸመደድን፣ ቡሽ በባዮሎጂ መጽሐፍ ሌላ፣ በጂኦግራፊ ሌላ፣ በታሪክ ሌላ ሆኖ ሲመጣ ግራ መጋባታችን ነው።

የመጀመሪያው ትርጉም ሁላችንም የምናውቀው ነው። ቡሽ ማለት ከዛፍ ያነሰ፣ ከሣር የበለጠ፣ ግንዱ እንጨት የሆነ ተክል ነው። ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ግንድ ይቆማል። ቁጥቋጦ ግን ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ሆኖ ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛን ቃል ልብ በሉልኝ። አንድ ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደገና ቅርንጫፍ ሲያወጣ አቆጠቆጠ እንላለን። ቁጥቋጦም የዚሁ ቃል ቤተሰብ ነው። እንግሊዝኛው ቡሽ ሲል እንዲሁ ስም ብቻ ነው፤ የእኛው ግን ተክሉ የሚሠራውን ሥራ ይናገራል። ተቆርጦ እንደገና የሚመጣ። እኔ በበኩሌ የእኛው ይበልጥብኛል።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ቁጥቋጦ የሚለውን ቃል በመጽሐፍ እናነበዋለን እንጂ ቤት ውስጥ ብዙም አንለውም። እናቴ «ሂድና ቁጥቋጦ አምጣ» ብላኝ አታውቅም። «ጥንጁት አምጣ» ነው የምትለኝ፣ ወይም «ክትክታ ካገኘህ ቁረጥ»። ለእንግሊዝኛው ሁሉም ቡሽ ነው፤ ለእኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ስምና የራሱ ሥራ አለው።

ለምሳሌ ጠላ ሲጠመቅ ብቻ ስንት ቁጥቋጦ እንደሚፈለግ ቁጠሩ። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታጠባል። ከዚያ በጥንጁት ይታጠናል። ከዚያ ጌሾ ይገባበታል። ሦስቱም በእንግሊዝኛ ቡሽ ናቸው! አንዱን በሌላው ቦታ ያደረገ ሰው ጠላው ምን እንደሚሆን እናቶቻችሁን ጠይቁ። ምች የመታው ሰው ደግሞ ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠዋል። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ሲርበው የቀጋን ቀይ ፍሬ ይለቅማል፣ እጁን እሾህ እየቧጨረውም ቢሆን። እምቧጮ ደግሞ ለጋውን ልጠው ሲያኝኩት አፍ ይኮመጥጣል፤ ይህንን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ወደ ቆላው ወረድ ካላችሁ አጋም አለ፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል፣ ይጣፍጣል፣ እሾሁ ግን አይጣል ነው። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል የሚባለው ለዚህ ነው። ቁልቋል ሲወጋ ነጭ ወተት ያፈሳል፤ ያ ነው ለቅሶው። የማይጸና ነገር ደግሞ የእምቧይ ካብ ይባላል። እምቧይ ድቡልቡል ፍሬ ስለሆነ በእምቧይ የሚሠራ ካብ ወዲያው ይፈርሳል። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ተረቶች አጋምንም እምቧይንም ቡሽ ብላችሁ ተርጉሟቸው። ምንም ትርጉም አይኖራቸውም።

ስለ እንዶድ ሳልናገር ባልፍ የሳይንስ መምህራችን ይቆጡኛል። እንዶድን አያቶቻችን እንደ ሳሙና ልብስ ያጥቡበት ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ ደግሞ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉ ናቸው። ልብስ ማጠቢያ የነበረው ቁጥቋጦ በሽታ መከላከያ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ዶክተር አክሊሉ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ሴቶቹ የተክሉን ስምና ሥራ ባያውቁ ኖሮ ዶክተሩ ምን ያዩ ነበር?

ይህንን ካሰብኩ በኋላ አንድ ማታ ደብተር ይዤ አያቴ አጠገብ ተቀመጥኩና «እማማ፣ የምታውቂያቸውን ቁጥቋጦዎች ሁሉ ንገሪኝ» አልኳት። መጀመሪያ ሳቀችብኝ። ከዚያ መቁጠር ጀመረች። ሰላሳ አንድ ስም ጻፍኩ። እናቴ ከሰላሳ አንዱ ውስጥ ሃያ አራቱን ታውቃለች። እኔ ደርሼ ይህ ነው ብዬ በእጄ መንካት የምችለው አሥራ አራት ነው። አንዳንዱን ስሙን ሰምቼው አላውቅም። አያቴ «ድሮ ከዚህ ከበራችን ላይ ነበር፣ አሁን ግማሽ ቀን ተሂዶ ነው የሚገኘው፣ እሱም ከተገኘ» አለችኝ። የሄደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ማገዶ ነው። እንጀራ የሚጋገረው በእንጨትና በኩበት ነው፤ ትልልቁ ዛፍ ሲያልቅ ቁጥቋጦው ይቆረጣል፣ ቁጥቋጦው ሲያልቅ ሥሩ ይቆፈራል። ያቆጠቁጣል ያልኳችሁ ተክል ሥሩ ከተነቀለ ከምኑ ያቆጥቁጥ? ከክፍላችን ሴቶች ልጆች ጠዋት የሚያረፍዱት አብዛኞቹ እንጨት ለቅመው የሚመጡት ናቸው። መንገዱ በራቀ ቁጥር ማርፈዱም እየጨመረ ነው።

ከፍ ያለው ቦታ ላይ ያለው አስታ ነው። ከላሊበላ በላይ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። እዚያ ጓሳ ሣር አለ፣ ጅብራ አለ፣ አስታ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው፤ ጭላዳም እንዲሁ የእኛው ብቻ ነው። አስታ ሲቆረጥ ወይም ሲቃጠል ከሥሩ ያቆጠቁጣል። በየዓመቱ ሲመላለሱበት ግን ይደክማል።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ስም እንምጣ። ሙጃ! ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ሙጃ በስንዴና በገብስ ማሳ ውስጥ የሚበቅል የሣር ዓይነት አረም ነው። ሰው ያልኖረበት ግቢ ሣር ሲውጠው ሙጃ ወረሰው ይባላል። የከተማችን ስምና የአረሙ ስም በጽሑፍ አንድ ናቸው። ባለፈው ከሌላ ቦታ የመጣ ልጅ «ሙጃ? አረም ነው እንዴ አገራችሁ?» ብሎ ሲስቅብን ነበር። ሳቁን አልወደድኩትም፤ ግን ደግሞ እሱ ራሱ ያልገባው ነገር አለ። በተክል ስም የሚጠራ ቦታ እኮ ብዙ ነው። ኮሶ በር አለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሾላና ወይራ ሰፈር አሉ፣ አዲስ አበባ ራሷስ አበባ አይደለችም? ደግሞ ከዚህ በታች እንደምታነቡት፣ የዓለም ትልቅ ሰው ስሙ ቁጥቋጦ ሲሆን ማንም አልሳቀም።

ከዚያ በፊት ግን በቤተ ክርስቲያን የምንሰማው ቁጥቋጦ አለ። ሙሴ በሲና ምድር በጎች ሲጠብቅ እሳት የሚነድበት ግን የማይቃጠል ቁጥቋጦ አየ። ታሪኩ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዕፀ ጳጦስ ይባላል፤ ነዶ አለመቃጠሉም የእመቤታችን ምሳሌ ነው ተብሎ ይተረጎማል። ጳጦስ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እሾሃማ ቁጥቋጦ ማለት ነው። በግብፅ፣ በሲና ተራራ ሥር ባለው የቅድስት ካትሪን ገዳም ይኸው ያ ነው ተብሎ የሚታይ ቁጥቋጦ አለ። በጣም የገረመኝ ያ ተክል የእንጆሪ ዘመድ መሆኑ ነው። ይህንን ለአያቴ ስነግራት «እንጆሪ? ያ ልጆች የሚበሉት?» ብላ ትንሽ ዝም አለች፤ ከዚያ አማተበች።

አሁን መምህራችን ወዳሉት ትርጉም ደረስን። በእንግሊዝኛ ዘ ቡሽ ሲባል አንድ ተክል አይደለም። ያልታረሰ፣ ሰው ያልሰፈረበት ሰፊ ምድር ነው። እኛ ዱር የምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ሰውየው የሄደው ወደ ቁጥቋጦ ሳይሆን ወደ ዱር ነው። የእኛም ዱር የሚለው ቃል ከተክል በላይ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው ገቡ እንላለን። እንግሊዝኛውም ለዚሁ ቡሽ ይላል፤ ቡሽ ገባ ማለት ሸፈተ፣ ለመዋጋት ጫካ ገባ ማለት ይሆናል። ጫካ ገባ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ በእኛ አገር ለልጅም መተርጎም ስለማያስፈልግ አልፈዋለሁ።

አምቡሽ የሚል ቃልም አለ። ደፈጣ ማለት ነው። ውስጡ ቡሽ እንዳለ አያችሁ? ድሮ ቃሉ ጫካ ውስጥ መደበቅ ማለት ነበር። የጣሊያንኛው ቦስኮ፣ ጫካ ማለት ነው፣ የቡሽ ዘመድ ነው። ዶን ቦስኮ የሚባሉትን የቴክኒክ ትምህርት ቤቶች ስማቸውን የሰማ ይኖራል። በጣሊያናዊው ቄስ በቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ስም የተሰየሙ ናቸው። የቄሱ የቤተሰብ ስም ጫካ ነበር ማለት ነው።

ዘ ቡሽ የሚለውን በብዛት የሚሉት አውስትራሊያውያን ናቸው። ከከተማ ወጣ ያለው ሁሉ ለእነሱ ቡሽ ነው፤ በአብዛኛውም የባሕር ዛፍ ጫካ ነው። አዎ፣ የእኛው ባሕር ዛፍ! በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ነው አገሩን የሞላው። ባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ስለሆነም ባሕር ዛፍ ተባለ። እነሱ ወደ ቡሽ ለመሄድ መኪና ይነዳሉ፤ የእኛ ደግሞ ቡሹ ራሱ መርከብ ተሳፍሮ ጓሯችን ድረስ መጣ። እሱም ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፤ ለዚህ ነው ማገዶና አጣና እየሰጠ የኖረው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር እንዳይበቅል ያስቸግራል፤ አያቴ ከጠቀሰቻቸው ውስጥ አንዱም ባሕር ዛፍ ሥር አይገኝም።

በእንስሳትም በኩል ብዙ ስም አለ። ድኩላ በእንግሊዝኛ ቡሽባክ ነው፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚደበቅ። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው ጥቁር ድኩላ ደግሞ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው። በደቡብ አፍሪካ ያሉትን ሳን የሚባሉ ሕዝቦች ነጮች ቡሽመን ብለው ይጠሯቸው ነበር፤ የዱር ሰዎች እንደማለት ነው። ይህ አጠራር ንቀት አለበት። ስም ያላቸውን ሰዎች በስማቸው መጥራት ይሻላል።

ፕሬዚዳንቶቹስ? ሁለት ናቸው። አባትየው ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993፣ ልጁ ጆርጅ ቡሽ ከ2001 እስከ 2009 አሜሪካን መርተዋል። ልጁ በ2003 ለኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒት የሚያቀርብ ትልቅ ፕሮግራም አስጀምሯል፤ ኢትዮጵያም መጀመሪያ ከተመረጡት አገሮች አንዷ ናት። በኢራቅ ላይ ጦርነት የከፈተውም እሱ ነው፣ በዚያው በ2003። ስማቸው በቀጥታ ሲተረጎም ፕሬዚዳንት ቁጥቋጦ ነው፤ ግን ስም አይተረጎምም። አቶ በላይን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ተርጉመን እንደማንጽፈው ማለት ነው።

ለእኛ ለሚኒ ሚዲያ ልጆች ደግሞ ደስ የሚል አንድ ነገር አለ። ለንደን ውስጥ ቡሽ ሃውስ የሚባል ትልቅ ሕንጻ አለ። ኧርቪንግ ቡሽ በተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ስም የተሰየመ ነው። የቢቢሲ የውጭ አገር ሬዲዮ ከ1941 ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ እ.ኤ.አ. ከዚያ ሕንጻ ይተላለፍ ነበር። ቡሽ የሚባል የእንግሊዝ ሬዲዮም ነበረ፤ ፋብሪካው በ1932 ሲመሠረት ስሙን የወሰደው ለንደን ውስጥ ካለው ሼፐርድስ ቡሽ ከሚባለው ሰፈር ነው። የሰፈሩ ስም ደግሞ የእረኛ ቁጥቋጦ ማለት ነው። እረኛና ቁጥቋጦማ እኛስ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ?

የጠርሙሱ ቡሽ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በአማርኛ ቡሽ የምንለውን እንግሊዞች ኮርክ ይሉታል። እሱ የቁጥቋጦ ሳይሆን የዛፍ ልጥ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከፖርቱጋል ሲሆን ልጡ በየዘጠኝ ዓመቱ ገደማ ይላጣል፣ ዛፉ ግን አይሞትም። ለማስታወቂያ ሰሌዳችን ፊደል የምንቆርጥበት ነጩ የማሸጊያ ቡሽ ደግሞ ከፕላስቲክ ዘር ነው፤ ከተክል ጋር ምንም አይገናኝም። ስለዚህ ፈተና ላይ ቡሽ ሲመጣባችሁ የአማርኛውን ቡሽ እርሱት። በር ላይ የሚጻፈው ፑሽም ሌላ ነው፤ ግፋ ማለት ነው።

የቀረችው አባባሎቹ ናቸው። ቁም ነገሩን ሳይናገር ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድን ሰው እንግሊዞች ቁጥቋጦ ዙሪያውን ይመታል ይሉታል። የመጣው ከወፍ አደን ነው፤ ወፏ እንድትወጣ ዙሪያውን ይደበድቡ ነበር። በእጅ ያለች አንዲት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ካሉ ሁለት ትበልጣለችም ይላሉ። እኛ ይህንን ስንል የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የእኛው ያስቃል፤ ሴትየዋን በዓይኔ አያታለሁ። ድሮ ደግሞ እንግሊዝ አገር ወይን የሚሸጥ ሰው በሩ ላይ የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ይሰቅል ነበር፤ ጥሩ ወይን ግን ቅርንጫፍ አያስፈልገውም ይባል ነበር። ጠላ ቤት በር ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ የሚደፋበት እንደዚሁ ነው። የማን ጠላ ጣሳ እንደማያስፈልገው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ስም አልጠራም።

የአያቴ ዝርዝር ሰላሳ አንድ ላይ ነው። ከሌላ ቀበሌ የመጣችሁ ልጆች እኛ ጋ የሌለ ስም ሊኖራችሁ ይችላል። ስሙን፣ ለምን እንደሚያገለግልና የት እንዳያችሁት በወረቀት ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ክተቱልን። የቻለ ቅጠሉን ደብተር ውስጥ አድርቆ ያምጣ፤ ሥሩን ግን እንዳትነቅሉ። ስድስት ስሞች ላይ አያቴ «ካየሁት ቆየሁ» ብላኛለች፤ እነሱን በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌያቸዋለሁ።